በረኪናና አሲድ አይጋቡም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ ደወለችልኝ። ድምጿ ታፍኗል፤ በየሁለት ቃሉ ትስላለች። «ልጅቷ አንድ ጽሑፍ አነበበችልኝና እንዳለው አደረግሁ፤ ለጥቂት ተረፍኩልህ» አለችኝ። የምትኖረው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፤ ግቢው ውስጥ አምስት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ይጋራል፤ የዚያ ሳምንት የጽዳት ተራ የሷ ነበር። በረኪናውን አፈሰሰች። እላዩ ላይ ከሱቅ የገዛችውን የሽንት ቤት አሲድ ደረበችበት። ሽታው ግቢውን እንዳይረብሽ ብላ በሩን ገርበብ አድርጋ መጥረጊያዋን አነሳች። ከዚያ ወዲያ የምታስታውሰው ዓይኗ እንደ በርበሬ ሲቃጠል፣ ጉሮሮዋ ሲያያዝና ግድግዳውን እየዳበሰች ስትወጣ ነው። ጤና ጣቢያ ሄዳ ታይታለች። አሁን ደህና ናት፤ ሳሉ ግን ገና አልለቀቃትም።

ልጇን ጽሑፉን ላኪልኝ አልኳትና አነበብኩት። ስምንት አንቀጽ ነው፤ ስለ ቤት ውስጥ አሲድና ስለ ተቃራኒው፣ ስለ ቤዝ። ጸሐፊው «እኔም የወሎ ልጅ ነኝ» ይላል። አጻጻፉ ሸጋ ነው፤ ምሳሌውን ከጓዳና ከጓሮ ማምጣቱንም ወድጄለታለሁ። ኬሚስትሪው ግን አጃኢብ ያሰኛል። እዚሁ ደሴ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ተማሪዬ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልስለት ነበር። ይሄ ግን የአንድ ተማሪ ደብተር አይደለም፤ ሰው እየተቀባበለ የሚያነበው ነገር ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። የሱን ቅደም ተከተል አልከተልም። አክስቴን ካፈናት እጀምራለሁ።

ሰባተኛው አንቀጽ «በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ቢቀላቀሉ የማጽዳት ኃይላቸው እጥፍ ይሆናል» ይላል።

ወንድሜ፣ አንተው ራስህ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ» ብለሃል። ከተጠፋፉ እጥፍ የሚሆነው ኃይል ከየት ይመጣል? እሱ እንኳ ትንሹ ስህተት ነው። ትልቁ ሌላ ነው።

በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ነገር የሟሟበት ውሃ ነው። ፋብሪካው ሆን ብሎ ቤዝ ያደርገዋል፤ ፒኤቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 በላይ ነው። ፒኤች የአሲድና የቤዝ መለኪያ ነው፤ 7 መሐል ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ ቤዝ። ለምን? ክሎሪኑ በውሃው ውስጥ ታስሮ የሚቆየው ፈሳሹ ቤዝ እስከሆነ ድረስ ነዋ። የሽንት ቤት አሲድ የምንለው ደግሞ በአብዛኛው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ማሰሪያው ይፈታል፣ ክሎሪኑ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። በፈረንጆች 1915 ጀርመኖች ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ በወታደሮች ላይ የለቀቁት ጋዝ ይኸው ነው። ሌላ ክሎሪን የለም። ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ መሬት ይተኛል፤ ጎንበስ ብሎ የሚጠርግ ሰው አፍንጫ ደግሞ ያለው እዚያው ነው። እርጥብ ነገር ሲያገኝ፣ ማለትም ዓይን፣ ጉሮሮና ሳንባ ሲያገኝ፣ እዚያው አሲድ ይሠራል። የሳንባ ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላም ሊብስ ይችላል፤ አክስቴን «አሁን ተሽሎኛል» እያለች ጤና ጣቢያ ሂጂ ብዬ ያስጨነቅኋት ለዚህ ነው።

ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኮምጣጤም ሎሚም ያው ናቸው፤ መጠኑ ነው የሚለየው። አሞኒያ ያለበት ነገር ላይ በረኪና ሲፈስ ደግሞ ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የቆየ ሽንት አሞኒያ አለው። ስለዚህ ሽንት ቤት ውስጥ በረኪና ከመጨመራችሁ በፊት በብዙ ውሃ ልቀቁት፤ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት፤ አሲድ መጠቀም ከፈለጋችሁ ሌላ ቀን ይሁን። ድንገት ከተቀላቀለባችሁ አታጽዱ፣ አትመርምሩ፤ ትታችሁ ውጡ።

ወደ አምስተኛው አንቀጽ ልለፍ፤ ሌላው አደገኛ እሱ ነው። «አሲድ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ቶሎ ብለው በረኪና ወይም የአመድ ውሃ ያፍስሱበት፤ ያጠፋዋል» ይላል።

ወረቀት ላይ ከሆነ ልክ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በልኩ ከተገናኙ የሚተርፈው ጨውና ውሃ ነው፤ ወጥ ውስጥ የምንነሰንሰው ያው ጨው። ቆዳ ግን ወረቀት አይደለም። ሲገናኙ ሙቀት ይወጣል፤ በተቃጠለ ቆዳ ላይ ሌላ እሳት ትጨምራለህ ማለት ነው። ልኩንስ ማን ያውቃል? ትንሽ ካበዛኸው አሲዱ አልቆ ቤዙ ማቃጠል ይጀምራል። የቤዝ ቃጠሎ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙም ሳያሳምም ሥጋውን እያለሰለሰ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በረኪናው ደግሞ አሲዱን ሲያገኝ ምን እንደሚያወጣ አሁን አይተናል።

መድኃኒቱ ውሃ ነው። የሚፈስ፣ ብዙ ውሃ፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ። የነካውን ልብስ አውልቃችሁ። ዓይን ከሆነ ሽፋኑን ከፍታችሁ ስትታጠቡ ቆዩና ቀጥታ ወደ ሐኪም። ደረቅ ኖራ ከሆነ ብቻ መጀመሪያ ይራገፋል፤ ያልጠፋ፣ ማለትም ገና ውሃ ያልገባበት ኖራ፣ ውሃ ሲነካው ይፈላል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ የባትሪ አሲድ ሲሞላ ሳይ ሱሪዬ ላይ ፈነጠቀብኝ። አራት አምስት ጠብታ ቢሆን ነው። እፍ ብዬ ዝም አልኩ፤ ደረቀ ብዬ። ከሁለት ቀን በኋላ ሱሪው ሲታጠብ ወንፊት ሆኖ ወጣ። የባትሪ አሲድ በውሃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ውሃው ይተናል፣ አሲዱ አይተንም። ስለዚህ ጠብታው በደረቀ ቁጥር እየጠነከረ ጨርቁን በልቶታል። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ የቆምኩት እኔ ነኝ ይሄ የደረሰብኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ አሲድ ስትቀጥኑ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው፣ ቀስ እያላችሁ። ውሃውን ወደ አሲዱ ከገለበጣችሁት እዚያው ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይረጫል።

አሁን ትንሽ ቀለል ወዳለው። «ኮምጣጣ ሁሉ አሲድ፣ መራራ ሁሉ ቤዝ፤ በምላስ ይለያል»። ኧረ በምላስ አይለይም! አሲድ ይኮመጥጣል፣ እውነት ነው። ግን ማር ቅመስ። ኮመጠጠህ? ፒኤቹ 4 ገደማ ነው፤ አሲድ ነው። ጥቁሩ ለስላሳ መጠጥ ፒኤቹ 2 ተኩል አካባቢ ነው፤ ከኮምጣጤ ብዙም አይርቅም፤ ስኳሩ ሸፍኖት ነው። መራራውስ? ቡና ይመራል፣ ግን አሲድ ነው፤ ፒኤቹ 5 አካባቢ። ጌሾ ይመራል፤ ጌሾ የገባበት ጠላ ግን አሲድ ነው። ኮሶም ሬትም ምሬታቸው ከቤዝነት የመጣ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን ልጆች በሚያነቡት ጽሑፍ ላይ የማይታወቅን ፈሳሽ «ቅመሱና ለዩ» ተብሎ አይጻፍም። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ የመጀመሪያው ቀን የምናስተምረው ምንም ነገር እንዳይቀምሱ ነው።

«የሚያሙለጨልጭና አረፋ የሚያወጣ ሁሉ ቤዝ ነው፤ ለምሳሌ እንዶድ»። የማሙለጭለጩ ነገር ግማሽ እውነት አለው፤ ከጀርባው ያለው ነገርም ደስ ይላል። በረኪና ወይም የአመድ ውሃ ጣትህ ላይ የሚያንሸራትተው የቆዳህን ስብ እዚያው ወደ ሳሙና እየለወጠው ስለሆነ ነው። የምትዳስሰው ራስህን ነው እንበል። አረፋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የእንዶድ አረፋ የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል ነገር ነው፤ አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል፤ በዚህ ነው ነጠላ የሚያነጣው። ቤዝ መሆን አያስፈልገውም። ሻምፑም አረፋ በአረፋ ነው፤ ብዙዎቹ ሻምፑዎች ግን ትንሽ ወደ አሲድ ያደላሉ። እንዶድን ካነሳን አይቀር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆች 1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚሸከሙትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ መግደል እንደሚቻል ያወቀው። ይህን ብትጽፍ እኔም አጋራልህ ነበር።

ሦስተኛው አንቀጽ የትምህርት ቤት ቋንቋ ይጠቀማል፤ «ኤች ያለው አሲድ፣ ኦኤች ያለው ቤዝ»። ኤች ሃይድሮጂን ነው፤ ኦኤች ደግሞ ኦክስጅንና ሃይድሮጂን ተጣምረው። አረቄ ውስጥ ያለው ኢታኖል ኦኤች አለው። ቤዝ ነው? አይደለም። ስኳር ኤች ሞልቶታል። አሲድ ነው? አይደለም። አሞኒያ ደግሞ፣ በጠዋት ጋጣ ስትከፍት አፍንጫህን የሚመታህ፣ አንድም ኦኤች የለውም፤ ግን ቤዝ ነው።

አርሄኒየስ የተባለው ስዊድናዊ በፈረንጆች 1884 በመመረቂያ ጽሑፉ ጨውና አሲድ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ቻርጅ ወዳላቸው ቁርጥራጮች፣ ማለትም ወደ አዮኖች፣ እንደሚለያዩ ጻፈ። መምህራኑ በጭንቅ ነው ያሳለፉት። በ1903 ደግሞ ለዚያው ሐሳብ ኖቤል ወሰደ። አሲድ ውሃ ውስጥ ሃይድሮጂን አዮን የሚለቅ፣ ቤዝ ሃይድሮክሳይድ (ያንን ኦኤች) የሚለቅ፤ ይህ የሱ ነው። አሞኒያ ላይ ሲደርስ ግን ተደናቀፈ። በ1923 ዴንማርካዊው ብሮንስተድና እንግሊዛዊው ሎሪ፣ ሳይመካከሩ፣ አሻሻሉት፤ አሲድ ፕሮቶን (ያው የሃይድሮጂን አዮን ነው) የሚሰጥ፣ ቤዝ ፕሮቶን የሚቀበል። በቃ። ሰጪና ተቀባይ። ፎርሙላው ውስጥ ኤች መኖሩ አይደለም ቁም ነገሩ፤ የሚሰጠው መሆኑ ነው። አንዳንዱ ያለውን ሁሉ ይሰጣል፤ እሱን ጠንካራ አሲድ እንለዋለን። ኮምጣጤ ግን ቆጣቢ ነው፤ ከመቶ ሞለኪውሉ አንዱ እንኳ አይሰጥም። ደካማ አሲድ የሚባለው ለዚህ ነው፣ ስለቀጠነ አይደለም። ጸሐፊው «ጠንካራ» እና «ወፍራም» የሚሉትን ቃላት እያቀያየረ ይጠቀማል፤ የተለያዩ ናቸው።

የፒኤች ሒሳቡ ላይ ብዙ አልቆይም። «ፒኤች 2 የሆነ ነገር ፒኤች 4 ከሆነው በሁለት እጥፍ አሲድ ነው» ይላል። በመቶ እጥፍ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ አሥር እጥፍ ነው፤ ሁለት ደረጃ አሥር ጊዜ አሥር። ይህን መለኪያ ያወጣው ሶረንሰን የተባለ ዴንማርካዊ ኬሚስት ነው፣ በፈረንጆች 1909፣ ኮፐንሃገን ካርልስበርግ ላብራቶሪ ውስጥ። አዎ፣ የቢራው ካርልስበርግ። ጠማቂ አሲዱን ካልለካ ቢራው ይበላሽበታላ። የኛ እናቶች ጠላውን በአፍንጫና በምላስ ነው የሚለኩት፤ እሱ ቁጥር ሰጠው። «ፒኤች ከ0 በታች አይወርድም» የሚለውም ልክ አይደለም፤ ከኛ ቁልቁል ዳሎል ላይ ያሉት ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች ከ0 በታች ይወርዳሉ።

ከጽሑፉ ሥር ያለውን ሐሳብ ያየሁት ግን እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው አሲድን ክፉ፣ ቤዝን ደግ አድርጎ ነው የሚያየው። ከ7 በታች ሁሉ በሽታ፣ ከ7 በላይ ሁሉ ጤና። የሐይቅ ከተማን ሐይቅ ውሰዱ። መውጫ ወንዝ የለውም፤ ውሃው ይተናል፣ ጨዋጨዉ ይቀራል፤ ስለዚህ ፒኤቹ ከ8 በላይ ነው፤ ቤዝ ነው። ዓሣው ግን ይኖርበታል፤ እኛም ቅዳሜና እሑድ እየሄድን ጠብሰን እንበላዋለን። ዝናብ ደግሞ፣ ፋብሪካ የሌለበት ሰማይ ላይ እንኳ፣ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየቀላቀለ ፒኤቹ 5.6 አካባቢ ሆኖ ነው የሚወርደው። አሲድ ነው። ጤፉ የሚበቅለው በሱ ነው። ወይ ክፉ ወይ ደግ ብሎ ነገር የለም፤ ምን ያህል፣ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ፤ ጥያቄው ይህ ነው።

እንጀራው ላይ ግን ዝም ብዬ አላልፍም።

«የሕዝባችን ጨጓራ የሚታመመው እንጀራ አሲድ ስለሆነ ነው፤ ሊጡ ላይ አንድ ማንኪያ ቢካርቦኔት ጨምሩ፣ ጨጓራችሁ ያርፋል።»

እንጀራ አሲድ ነው፣ ልክ ነህ። እርሾው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ ሲቦካ የሊጡ ፒኤች ከ6 አካባቢ ተነስቶ ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። ጨጓራህስ? ጨጓራህ ራሱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያመነጫል፤ ባዶ ሲሆን ፒኤቹ 1 ተኩልና 2 አካባቢ ነው። ያንን አሥር እጥፍ ሒሳብ አምጣው። ጨጓራህ ውስጥ ያለው ከእንጀራው በመቶ እጥፍ የበለጠ አሲድ ነው። እንጀራው እዚያ ሲገባ እንደ ውሃ ነው።

ታዲያ ጨጓራ ከየት ነው የሚመጣው? ብዙውን ጊዜ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከሚባል ባክቴሪያ። ዓለም ሁሉ ለዘመናት ጭንቀትና ቅመም ነው እያለ ሲያክም ኖሮ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሐኪሞች በፈረንጆች 1982 ባክቴሪያውን ከሕመምተኞች ጨጓራ ወስደው አሳደጉት። ማንም አላመናቸውም። ማርሻል ተናዶ በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው። ታመመም። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ሌላው መንስኤ ደግሞ ያለ ልክ የሚዋጥ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ በተለይ አስፒሪንና የሱ ዘመዶች። የቆሰለ ጨጓራ ያለበት ሰው በጣም የኮመጠጠ እንጀራ ወይም አዋዜ ሲበላ ሊያቃጥለው ይችላል፤ እሱን አልክድም፤ ቁስል ላይ ሎሚ እንደመጭመቅ ነው። ቁስሉን ያመጣው ግን እንጀራው አይደለም። ቢካርቦኔት አስገብተህ ዝም ስታሰኘው ባክቴሪያው እዚያው ይቀራል፤ ሰውየው ሳይታከም ይቆያል።

ሊጡስ? አክስቴ እንጀራ ጋግራ ነው ልጆቿን ያሳደገችው። ይህን አንቀጽ ሳነብላት እየሳለች ሳቀች። «ይኼ ሰው ሊጥ ነክቶ አያውቅም» አለች። ከዚያ አንድ ነገር አደረግን። ከርከዴ ሻይ አፈላሁና አምስት ብርጭቆ ላይ ትንሽ ትንሽ ቀዳሁ። አንዱ ላይ ሎሚ ጠብ አደረግን፤ ደማቅ ቀይ ሆነ። ሁለተኛው ላይ ከሊጡ አናት የተጠለለውን እርሾ ጨመርን፤ እሱም ቀይ። የቧንቧ ውሃ ያለበት ትንሽ ደብዘዝ አለ። ቢካርቦኔት የበጠበጥንበት ወደ ሰማያዊ፣ ቆይቶም ወደ አረንጓዴ ሄደ። የምድጃ አመድ ዘፍዝፈን ያጠለልነው ውሃ ሲገባበት አረንጓዴ ሆነና ትንሽ ቆይቶ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ። አክስቴ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። «ቀለሙ ነው የሚናገረው?» አለችኝ። አዎ። ምላስ አያስፈልግም። ላብራቶሪ ያለው ሊትመስ ወረቀትም ሥራው ይኸው ነው።

ከዚያ አንድ ስኒ ሊጥ ላይ ግማሽ ማንኪያ ቢካርቦኔት ጨመረችበት። ቶሎ ኩፍ አለ፤ ከስኒው ሊፈስ ደረሰ፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ቁጭ አለ። አሲዱና ቢካርቦኔቱ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ምጣድ ሳይደርስ አመለጠ ማለት ነው። ስትጋግረው ዓይኑ የተደፈነ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል ነገር ወጣ። «ይኼን ለሰው ባቀርብ አምባጓሮ ነው» አለች። አሲዱ ለጣዕም ብቻ አይደለም። እንጀራው ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ብዙ ጎጂ ባክቴሪያ ፒኤች 4 ላይ መራባት ያቅተዋል። ሲቦካ ደግሞ እህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል፤ ጤፉም ይሁን የቆላው ማሽላ። ቢካርቦኔት በበኩሉ ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል፤ ደም ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ሳያውቀው ሶዲየም ይጨምርበታል። ኮምጣጣ ካስቸገረህ አብሲቱን ቶሎ ጣልና ሳይቆይ ጋግረው። ይህን ማንኛዋም ወሎዬ እናት ትነግርሃለች።

ሎሚው። «ሎሚ አፍ ላይ አሲድ ነው፤ ደም ውስጥ ሲገባ ቤዝ ይሆንና ደማችንን ከአሲድ ያጸዳል።» ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ድሮ ሳይንቲስቶች ምግብን አቃጥለው አመዱን ይለኩ ነበር፤ የፍራፍሬ አመድ ቤዝ ነው። እውነትም ሰውነት የሎሚውን ሲትሪክ አሲድ ያቃጥለዋል፤ የሚተርፈው ነገር ሽንትን ወደ ቤዝ ሊያዘነብለው ይችላል። ሽንትን ግን! ደምን አይደለም። የደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ነው፤ ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማስወጣት፣ ኩላሊት አሲድ በማጣራት፣ ደሙ ውስጥ ያለው ቢካርቦኔት ደግሞ መሐል ገብቶ እያስታረቀ፣ ሌት ተቀን እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይጠብቁታል። ከዚያ ከወጣ ሰውየው ሆስፒታል ነው ያለው፤ ሎሚ አይደለም የሚያስፈልገው። በጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ መጠጣት ከወደድክ ጠጣ። ጥርስህን ግን አስብለት። የጥርስ መስተዋት ከፒኤች 5.5 በታች መሟሟት ይጀምራል፤ ሎሚ 2 አካባቢ ነው። በውሃ ተጉመጥመጥ፤ ብሩሹን ለትንሽ ጊዜ አቆየው።

«አመድ ማንኛውንም መሬት ያድሳል» ለሚለው አንድ ነገር ብቻ። አመድና የግብርና ኖራ የሚጠቅሙት አሲዳማ መሬትን ነው፤ ዝናብ ያጠበውን። ያንን ችግር ምዕራብ ጎጃም በደንብ ያውቀዋል። አሲድ ያልሆነ መሬት ላይ አመድ ብታበዛ ብረቱንና ዚንኩን ትቆልፍበታለህ፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። መጀመሪያ አፈሩ ይመርመር። ከገበያ ስትመለስ ወደ ግብርና ባለሙያው ቢሮ ጎራ በል።

ልክ የሆነውን ልንገርህና ላብቃ። እርጎ የሚረጋው በአሲድ ነው ያልከው ትክክል ነው፤ ፒኤቹ 4.6 አካባቢ ሲደርስ የወተቱ ፕሮቲን ይያያዛል። የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ስለማጠን የጻፍከውንም ወድጄዋለሁ።

ሌላው ቀስ ብሎ ይታረማል፤ እንጀራውም ይደር፣ ሎሚውም ይደር። አምስተኛውንና ሰባተኛውን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ አውርዳቸው። የዚህ ሳምንት የጽዳት ተራ የአክስቴ ጎረቤት ነው፤ እሷም ጽሑፍህን አንብባዋለች።